ተኝተው የቀሩ ሞለኪውሎች

በ1935 ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በርተን እና ኦሊቨር የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ዕቃ ውስጥ የውሃ እንፋሎት እጅግ በቀዘቀዘ ብረት ላይ አሳረፉ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንፋሎቱ ብረቱን እንደነካ ጠጠረ፤ በረዶ ሆነ። በኤክስሬይ ሲመረምሩት ግን በረዶ ሁልጊዜ የሚያሳያቸው ስለታም መስመሮች የሉም፤ የታየው ሰፊና ደብዛዛ ጥላ ነው። የውሃ ሞለኪውሎቹ በክሪስታል ሥርዓት ለመሰለፍ ፋታ ሳያገኙ በወደቁበት ቀርተዋል። ሁለቱ ሰዎች ከውሃ መስታወት ሠርተው ነበር።

በሳይንሱ ቋንቋ መስታወት የሚባለው የመስኮቱና የጠርሙሱ ብቻ አይደለም። ሞለኪውሎቹ በፈሳሽ ውስጥ እንደነበሩት ተዘበራርቀው ሳሉ ጠጥሮ የጸና ነገር ሁሉ መስታወት ነው። ከረሜላ መስታወት ነው። ከዛፍ ሙጫ የሚገኘው አምበርም እንዲሁ። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጥቁሩ ባልጩትም መስታወት ነው፤ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አካባቢ የዛሬ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከባልጩት የእጅ መጥረቢያ የጠረቡት የጥንት የሰው ዘሮች በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚነሱት ሁሉ ይቀድማሉ።

የተለመደው አሠራር ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ነው። ፈሳሹ እየቀዘቀዘ በሄደ ቁጥር ሞለኪውሎቹ እየዘገዩ ይመጣሉ፤ የሆነ ሙቀት ላይ ሲደርሱ እንቅስቃሴያቸው ከሰው ትዕግሥት በላይ ስለሚንቀራፈፍ ነገሩ ቆሟል ይባላል። ይህ የመስታወት መሆኛ ሙቀት ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁስም የየራሱ አለው። በ1948 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ካውዝማን በዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ጥያቄ አነሱ። የተለያዩ ፈሳሾች ሲቀዘቅዙ ኢንትሮፒያቸው፣ ማለት የመዘበራረቃቸው መጠን፣ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሳዩትን መስመሮች ወደ ታች ቢቀጥሏቸው የተዘበራረቀው ፈሳሽ ሥርዓት ካለው ክሪስታል ያነሰ ኢንትሮፒ ሊኖረው ሆነ። ይህ የማይመስል ነገር ነው። ፈሳሹ እዚያ ሳይደርስ መስታወት ሆኖ ስለሚቆም ግን ማንም ሄዶ ሊያየው አልቻለም።

ወደዚያ ለመጠጋት ያለው መንገድ መጠበቅ ብቻ ይመስል ነበር። መስታወት ሲያረጅ ሞለኪውሎቹ ቀስ በቀስ እየተጠጋጉ ይጠቀጠቃሉ። ችግሩ ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ በወረደ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ቀን የሚፈጀው ሥራ ሃያ ዲግሪ ዝቅ ሲል የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም።

እንፋሎትን ማሳረፍስ? በዚህ መንገድ ከሁሉ የገፉት ጃፓኖች ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦሳካ ውስጥ ሂሮሺ ሱጋ እና ሹዞ ሴኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የውሃንና የሌሎች ቁሶችን እንፋሎት በጣም ቀዝቃዛ ማረፊያ ላይ እያሰፈሩ የሙቀት ይዞታቸውን በጥንቃቄ ለኩ። የተገኘው መስታወት ልል ነበር፤ ሲሞቅ የታመቀ ሙቀት እየለቀቀ ወደ ተራው መስታወት ይወርዳል። ልኬቱ ትክክል ነው፤ ከሱ የተወሰደው አጠቃላይ ግምት ግን ለአርባ ዓመት ያህል ብዙ ሰው አሳሳተ። ከእንፋሎት የተሠራ መስታወት በተፈጥሮው ዝርክርክ ነው ተብሎ ተያዘ። ማረፊያውን ትንሽ ሞቅ ቢያደርጉት ምን እንደሚሆን በቁም ነገር የጠየቀ አልነበረም።

እስከዚያው ጉዳዩ ከመስታወት ተመራማሪዎች እጅ ወጥቶ ኢንዱስትሪ ገባ። በ1987 ሮቸስተር በሚገኘው የኮዳክ ኩባንያ ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ ሁለት ስስ የኦርጋኒክ ቁስ ንጣፎችን በእንፋሎት ደራርበው ከ10 ቮልት ባነሰ ኤሌክትሪክ ደማቅ አረንጓዴ ብርሃን እንዳወጡ አሳተሙ። ዛሬ ኦሌድ የምንለው የስልክና የቴሌቪዥን ስክሪን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ንጣፎቹ ክሪስታል ከሠሩ ፊልሙ ይሻክራል፣ መብራቱም ይበላሻል፤ ስለዚህ መስታወት ሆነው እንዲቀሩ ይፈለጋል። በ1997 የፓዮኒር ኩባንያ የመኪና ሬዲዮ በዚህ ዓይነት ማሳያ ገበያ ወጣ፤ ሶኒ ደግሞ በ2007 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ባለ 11 ኢንች ቴሌቪዥን ሸጠ። እንግዲህ በቫኪዩም ውስጥ መስታወት የሚያነጥፍ አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ ቆሟል ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ግን ፊልሙን ሲያስቡት ሞለኪውሎቹ በየአቅጣጫው ተበትነው እንደሚገኙ አድርገው ነበር። ሥርዓት የሌለው ቁስ ከሆነ የሞለኪውሎቹ አቅጣጫም ሥርዓት የለውም፤ ከዚህ በላይ ምን ያስመረምራል?

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ2002 መጣ። የጃፓን ተመራማሪዎች ከታንግና ከቫን ስላይክ ሁለት ቁሶች አንዱን፣ ያንን አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጠውን የአሉሚኒየም ውህድ፣ በጨለማ ውስጥ 560 ናኖሜትር ውፍረት እስኪኖረው አነጠፉት፤ ከዚያ በፊልሙ ገጽ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። 28 ቮልት ሆኖ ተገኘ። 560 ናኖሜትር ከአንድ ሺኛ ሚሊሜትር ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ባትሪ አልተያያዘም፣ ማንም አልሞላውም። ብርሃን ሲያርፍበት ቮልቴጁ ጠፋ።

ምክንያቱ የሞለኪውሉ ጠባይ ነው። የዚህ ውህድ ሞለኪውል አንድ ወገኑ ወደ አዎንታዊ፣ ሌላው ወደ አሉታዊ ያደላል። ሞለኪውሎቹ በእርግጥ በየአቅጣጫው የተበተኑ ቢሆኑ ኖሮ የአንዱ ቮልቴጅ የሌላውን እያጣፋ ድምሩ ዜሮ በሆነ ነበር። ከዜሮ ርቆ 28 መድረሱ ሲሰፍሩ በጥቂቱም ቢሆን ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብሉ ያሳያል፤ ያች ትንሽ ዝንባሌ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ስትደመር እዚህ ደረሰች። ከቁጥሮቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ 28 ነው። ዝርክርክ የተባለ ነገር በቮልት መለኪያ አቅጣጫ እንዳለው መሰከረ።

በ2007 መጀመሪያ ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን የማርክ ኤዲገር ላቦራቶሪ በእንፋሎት ፊልም ሲሠራ የቆየው ሞለኪውሎች በመስታወት መሆኛ ሙቀት አጠገብ ምን ያህል እንደሚዘገዩ ለመለካት ነበር፤ ትሪስናፍቲልቤንዚን በሚባል ቁስ ላይ ያገኙትን በ2003 አሳትመዋል። ቁሱን በሁለት መልክ ያዘጋጃሉ። አንዱ ተራው ነው፤ በሌላው ውስጥ ሃይድሮጅኑ በከባዱ ወንድሙ በዲዩተሪየም ተተክቷል። በኬሚስትሪ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የኒውትሮን ጨረር ግን ለይቶ ያያቸዋል። በየተራ በስሱ ተደራርበው ኒውትሮን ሲያርፍባቸው በመካከላቸው ያለው ድንበር ፍንትው ብሎ ይታያል፤ ፊልሙ ሲሞቅ ሞለኪውሎቹ ወዲህና ወዲያ ስለሚሻገሩ ድንበሩ ይደበዝዛል።

የዚህ ቁስ የመስታወት መሆኛ ሙቀት 347 ኬልቪን፣ ማለት 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ማረፊያው ወደዚያ ሙቀት ተጠግቶ የተሠራው ፊልም ሲሞቅ እንደተጠበቀው ተደባለቀ። ማረፊያው በክፍል ሙቀት፣ በ296 ኬልቪን ተይዞ የተሠራው ግን እምቢ አለ፤ ተራው መስታወት በሚደባለቅበት ሙቀት ተቀምጦም ድንበሩ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቆየ። ስቴፈን ስዋለን በመጀመሪያ ስም የቀረቡበት ያ ጽሑፍ ኢንዶሜታሲን የተባለውን የቁርጥማት መድኃኒትም ጨምሮ ነበር፤ በሱም ላይ ውጤቱ ያው ሆነ። ፊልሞቹ ከተራው መስታወት የጠበቁ ናቸው፤ ለማፍታታት የሚጠይቁት ሙቀትም ከፍ ያለ ነው። ተራ መስታወት በማርጀት ብቻ እዚህ ይደርስ ዘንድ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጉት ነበር። ኤዲገርና ባልደረቦቻቸው የሠሩት በላቦራቶሪ የሥራ ሰዓት ውስጥ ነው።

ምሥጢሩ የማረፊያው ሙቀት ነው። በጣም ከቀዘቀዘ የኦሳካው ልል መስታወት ይወጣል፤ ወደ መሆኛው ሙቀት ከተጠጋ ተራው። በኬልቪን ሲቆጠር ከመሆኛው ሙቀት 85 በመቶ ገደማ፣ ለነዚህ ቁሶች 50 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉ የጸናው ይገኛል። ገልባጭ መኪና የደፋው ድንጋይ ክምር እንጂ ግንብ አይሆንም፤ ግንበኛ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ ቀጣዩ ረድፍ ሳይጫነው በፊት እያገላበጠ ቦታውን ያስይዘዋል። ፈሳሽን ማቀዝቀዝ መድፋት ነው፤ እንፋሎትን በልኩ ማሳረፍ መገንባት ነው። በሴኮንድ 0.2 ናኖሜትር ያህል እየወፈረ በሚሄድ ፊልም እያንዳንዱ ሞለኪውል ከመቀበሩ በፊት ገጹ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ያገኛል።

ጥቂት ሴኮንድ ይበቃል ወይ? በውስጥ ያለው ሞለኪውል በዚያ ሙቀት ዓመታት ቢሰጡትም አይገላበጥም። ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው ከውስጡ እጅግ የፈጠነ መሆን አለበት። ይህ በ2007 ግምት ነበር፤ ልኬቱ በ2011 መጣ። እዚያው ዊስኮንሲን የመድኃኒት ሳይንስ ክፍል ያሉት ሊያን ዩ እና ባልደረቦቻቸው የኢንዶሜታሲን መስታወት ገጽ ላይ ጥቃቅን ትይዩ ትልሞች አተሙ፤ ከዚያ ትልሞቹ በራሳቸው እየሞሉ ሲለሰልሱ ተከታተሉ። ውስጡ ጠጥሮ ሳለ ገጹ ይፈስ ነበር። በገጹ ላይ የሚደረገው መዘዋወር ከውስጡ ቢያንስ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚፈጥን ተሰላ። ይህ የሆነው ከላዩ ምንም የሚጫነው ስለሌለ ነው። ቀደም ብሎ በ2009 የኤዲገር ቡድን መስታወቱ የሚፈርሰውም በዚያው በገጹ በኩል መሆኑን አሳይቶ ነበር። የጸናው መስታወት ሲሞቅ በመላው አካሉ አይፈታም፤ ከገጹ ጀምሮ ወደ ውስጥ በሚገፋ ግንባር ይፈታል።

አሁን ወደ አቅጣጫው ጉዳይ እንመለስ፤ ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት እዚህ ነው። ከዊስኮንሲኑ ጽሑፍ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ዳይሱኬ ዮኮያማ፣ ከቺሃያ አዳቺ ጋር በክዩሹ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፣ ለኦሌድ የሚውሉ ብዙ ቁሶችን አንድ በአንድ መረመሩ። መሣሪያቸው ኤሊፕሶሜትሪ ነበር። ብርሃን በሰያፍ ወደ ፊልሙ ይላካል፤ ሲንጸባረቅ የሞገዱ አቅጣጫ እንዴት እንደተጣመመ ይለካል፤ ከዚያ ብርሃኑ ቁሱን በአግድምና በቁም ሲያቋርጥ ፍጥነቱ አንድ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። አንድ አልነበረም። ረዘም ያሉና ቀጥ ያሉ ሞለኪውሎች በማረፊያው ላይ ተኝተዋል፤ ሞለኪውሉ በረዘመ ቁጥር አተኛኘቱ ይበረታል። ፊልሙ ክሪስታል አይደለም፤ በኤክስሬይም መስታወት ነው፤ ግን በየአቅጣጫው አልተበተነም።

ለኦሌድ ሠሪ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ብርሃን የሚሰጥ ሞለኪውል የሚፈነጥቀው በአብዛኛው ወደ ጎኑ እንጂ ወደ ጫፎቹ አይደለም። ከተኛ ብርሃኑ ወደ ፊት፣ ወደ ተመልካቹ ይወጣል፤ ከቆመ በንጣፎቹ መካከል ታግዶ ይባክናል። ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው ሲበተኑ ከሚፈጠረው ብርሃን ወደ ውጭ የሚወጣው 20 በመቶ ገደማ ነበር። በ2013 የሴኡል ናሽናል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አብዛኛው ብርሃን ሰጪ ሞለኪውል የተኛበትን ኦሌድ ሠርተው 30 በመቶ ደረሱ።

ግን ለምን ይተኛሉ? መጀመሪያ የተሰጠው መልስ ቅርጻቸው ነው የሚል ነበር፤ ረጅም ነገር ሲወድቅ ይጋደማል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ያወጣው አንድ የሲሊኮን ቅንጣቢ ነው።

ሻኪል ዳላል፣ ዛህራ ፋክራይ እና ኤዲገር በ2013 ባሳተሙት ሥራ ቅንጣቢውን በሁለት ብረቶች መካከል ዘረጉት፤ አንዱ ብረት ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ይለወጣል። አንድ ጊዜ እንፋሎት ሲለቀቅበት በዚያ ጠባብ ስፍራ በብዙ ሙቀቶች የተሠሩ ብዙ መስታወቶች ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። ከዚያ ኤሊፕሶሜትሩ ከቀዝቃዛው ጫፍ ወደ ሞቃቱ እያለፈ ያነባቸዋል፤ ለየብቻ ቢሠሩ ወራት የሚፈጁ ሙከራዎች ናቸው።

የወጣውን ንባብ ማንም በቅርጽ ብቻ ሊያስረዳው አይችልም። በቀዝቃዛው ጫፍ ሞለኪውሎቹ ተኝተዋል። ወደ ሞቃቱ ሲኬድ መተኛታቸው እየቀነሰ ይመጣና በመካከል አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። ቀጥሎ፣ ወደ መሆኛው ሙቀት ሲጠጋ፣ ያው ሞለኪውል ወደ መቆም ያዘነብላል። መሆኛው ሙቀት ላይ ሲደርስ ሁሉም ይበተናል። ሞለኪውሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማረፊያው ሙቀት ነው። በ2015 ዳላልና ኤዲገር ከሁዋን ደ ፓብሎ የኮምፒውተር ቡድን ጋር ሆነው ይህንኑ በሦስት የኦሌድ ቁሶች ላይ አሳዩ። ወሳኙ ሙቀት በራሱ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ቁስ መሆኛ ሙቀት ጋር ያለው ንጽጽር እንደሆነም ታወቀ።

በኮምፒውተር ላይ ያሳረፏቸው ሞለኪውሎች ምክንያቱን ነገሩ። ገና ፈሳሽ በሆነ ቁስ ላይ እንኳ የላይኛው ረድፍ ሞለኪውሎች መተኛት ይወዳሉ፤ ከሥራቸው ያሉት ደግሞ በጥቂቱ ወደ መቆም ያደላሉ፤ ጠለቅ ሲል አቅጣጫ የሚባል ነገር የለም። ማረፊያው በጣም ሲቀዘቅዝ መገላበጥ የሚችለው የላይኛው ረድፍ ብቻ ስለሆነ እንደተኛ ይቀበራል። ሞቅ ሲል የሁለተኛው ረድፍ ሞለኪውልም ይገላበጣል፤ ተኝቶ የነበረው ተነሥቶ እንደቆመ ይቀበራል። የበለጠ ሲሞቅ ጥልቁም ስለሚገላበጥ የገጹ ትዝታ ይጠፋል። ስለዚህ በመስታወቱ ውስጥ የምናየው አቅጣጫ የፈሳሹ ገጽ አቅጣጫ ነው። የመጨረሻ ጊዜ መገላበጥ ሲችል የነበረበት ጥልቀት ወስኖታል።

ይህ ማብራሪያ ሊፈተን የሚችል ትንቢት ነበረው። ጊዜ ማግኘት ከመሞቅ ጋር አንድ ከሆነ እንፋሎቱን ቀስ ብሎ ማሳረፍ ማረፊያውን ከማሞቅ ጋር አንድ ውጤት ሊሰጥ ይገባል። በ2019 ካሚል ቢሾፕ እና የኤዲገር ቡድን ኢትራኮናዞል በተባለ የፈንገስ መድኃኒት ላይ ሲሞክሩት ሆነ፤ ፍጥነትን በመቀነስና ሙቀትን በመጨመር አንድ ዓይነት መስታወት ተገኘ።

   

የኢንዱስትሪውና የላቦራቶሪው መንገዶች በይፋ የተጋጠሙት በ2018 ነው። የባርሴሎናው ሃቪየር ሮድሪጌዝ-ቪኤሆ ቡድን ከድሬስደን ኦሌድ ሠሪዎች ጋር ሆኖ በአራት የተለያዩ ብርሃን ሰጪ ቁሶች መብራቶች ሠራ። ልዩነቱ የማረፊያው ሙቀት ነበር፤ አዲስ ቁስ አልተፈለሰፈም። ንጣፎቹ በ85 በመቶው ሙቀት አካባቢ ሲሰፍሩ የመብራቶቹ ቅልጥፍናም ዕድሜያቸውም በአራቱም ላይ ከ15 በመቶ በላይ ጨመረ። ለዚህ የሚያስፈልገው ማረፊያው ሥር የሚደረግ ማሞቂያና ልኩን የሚያውቅ ሰው ነው። ኮዳክ የመጀመሪያውን መብራት ካበራ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። ያን ያህል የቆየው የመሣሪያ እጥረት ስላለ አይመስለኝም፤ መብራት የሚሠሩትና መስታወት የሚያጠኑት አንዳቸው የሌላውን መጽሔት ስለማያነቡ ነው።